ሰንሰለት ያዥ

ቅዳሜ ነው። ጥቅምት። በቆሎው ታጭዷል፤
ከማድረቂያው ጎተራ የሞቀ ሽታ ወርዷል።
ሜዳችን ከመካነ መቃብሩ ጋር አጥር ይጋራል፤
ማዶ ያመለጠች ኳስ
አሰልጣኝ ሬምክን ጠይቃ ትመለሳለች ይባላል።

ስምንት መቶ ተማሪ ነው ኤልም ፎርክ ያለን፤
እዚሁ አዮዋ ውስጥ «የት ነው?» የሚሉን።
ሰሌዳችን ላይ የሰባት አናቱ ጠፍቶ
አንድ ይመስላል፤ ማን ይጠግነው መሰላል ወጥቶ?

እኔ ኦርቪን ቴግላንድ፣ የግራ ዘብ ነበርኩ፤
አራት ዓመት ሙሉ ኳስ ሳልነካ ዋልኩ።
ሥራዬ መግፋት ነበር፣ መገፋት፣ ጭቃ መላስ፣
ለሌላው በር መክፈት፣ እሱ ሮጦ እስኪደርስ።
ጋዜጣው አንድ ጊዜ ስሜን ቢያነሳው
«ቴድላንድ» ብሎ ነበር። እናቴ ቆርጣ ያስቀመጠችው
እሱኑ ነው።

ዛሬ ሰንሰለት ያዥ ነኝ፣ ለብሼ ሰደርያ፤
አሥር ያርድ ብረት ነው፣ ዘንግ ወዲህና ወዲያ።
አራት ሙከራ አለህ አሥሩን ልትሞላ፤
ከጎደለህ ኳሷ የሌላ።
ያንኛውን ዘንግ ሜርሊን ነው የሚይዘው፤
ያኔ ትከሻው ትከሻዬን ይነካ ነበር፣
አሁን አሥር ያርድ ነው የሚርቀው።

ሕጉ አጭር ነው፦ ሰንሰለት የያዘ አያጨበጭብም፤
አይጮህም፤ ዳኛ አይሰድብም።
ሃያ ሁለት ዓመት በዝምታ ደገፍኩ።
የጥርስ ሐኪሟ «ሌሊት ታፋጫለህ» ብትለኝ
«ሌሊት አይደለም፤ ቅዳሜ ነው» አልኩ።

ከሴንት ኮልማን ጋር ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት
በተርታ የረገጡን፣
በአውቶቡሳቸው እየዘፈኑ የሚመለሱት።
ሃያ ለአሥራ ሰባት፤ ሰሌዳው አሥራ አንድ ይላል፤
አራተኛው ሙከራ ነው፤ አንድ ደቂቃ ቀርቷል።
የእኔን ስልሳ ሦስት የለበሰው ልጅ፣ ኬይደን ሩፕ፣
አንገተ ቀጭን፣ የኬሚስትሪ ተማሪ፣
ማቀዝቀዣ የሚያህለውን ሰው ከመሬት ነቅሎ ገፋው።
አገፋፉን አውቀዋለሁ፤ ከዳሌ ነው የሚጀምረው።
ሯጩ በተከፈተው ገባ።
ተደራረቡ።
ፊሽካ።

ዳኛው በጣቱ ጠራን፤
ሰንሰለቱን ወጥረን ገባን፣
ሁለት ሽማግሌ፣ በአራት የታመመ ጉልበት።
ሦስት መቶ ሰው ጸጥ አለ፣ የዲኗ ውሻ ሳይቀር።
ልጁ ገና አልተነሳም፤
በቁሩ ፍርግርግ ውስጥ ሽቅብ አየኝ።

የፊቱ ዘንግ በእኔ እጅ ነው።
አንዲት ቀለበት ላላ ባደርገው፣
አንዲት ብቻ፣ የሚያውቀው ማነው?
ሜርሊን ከሩቅ አያይም፤ የዳኛው መነጽር ረጥቧል፤
ሬምክ እንደሁ ከአጥር ማዶ ተኝቷል።
ለሚወደው ያላዳላ ማን አለ?
እጄ
ጠየቀኝ።

ሳብኩት።
ብረቱ ሲጥ እስኪል ሳብኩት።

ኳሷ በጣት ጎደለች።

ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ሰንሰለቱን ባልዲ ውስጥ ስንጠቀልል
ልጁ መጣ፣ አገጩ ላይ ጭቃ ደርቆ።
«ስንት ጎደለን?»
በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ አሳየሁት።
«ይቺን?»
«ይቺን።»
ቁጥሩ የእኔ እንደነበር ልነግረው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤
ሆድ ይፍጀው አልኩ።
«ከዳሌህ ነው የገፋኸው፤ እንዲያ ነው» አልኩት እንጂ።
«አየኸኝ?» አለኝ።
ዘብን ማን ያያል? ደግሞ ጠየቀኝ፦ «እውነት አየኸኝ?»

ስነዳ ጨልሞ ነበር። ሜርሊን አጠገቤ አንቀላፍቷል።
መሪው ላይ ሁለቱ ጣቶቼ
ያችን ታህል ክፍተት ይዘው
እስከ ቤት ድረስ
አልገጥም አሉኝ።